ሞተር ሳያጠፉ እናት መጠየቅ

ይድረስ አሰብ ወደብ ላለው ወንድሜ ለሙሄዲን፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንዴት ከርመሃል? የአሰብ ወበቅ እንዴት አድርጎሃል? የሸሪፋ ወገብ ተሻለው ወይስ አሁንም እንደጎበጠች ነው ውሃ የምትቀዳው? ልጆችህስ እንዴት ናቸው? ትንሿን ኩፍኝ ይዟታል ብለህ ነበር፤ አላህ ዓይኗን ጠብቆላት ይሆን? የጎረቤቶችህ፣ የሾፌር ጓደኞችህ፣ የዚያ እግሩን ወደብ ላይ ያጣው ሽማግሌ ዘበኛ ጤና ሁሉ እንደምን ነው? እኛ በሕይወት አለን፤ አልሐምዱሊላህ። ደህና ነን ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ ውሸት ስለሚሆንብኝ ተውኩት።

ይህን የምጽፍልህ ተቆጥቼ ነው። ሰላምታውን ያስቀደምኩት አባታችን፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ቁጣ ከሰላምታ በፊት አይገባም ብለው ስላሳደጉን ነው። ፊት ለፊት ብነግርህ ይሻለኝ ነበር። ግን አንተ ስትመጣ እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነኝ፤ እኔ በሠራተኛ ሰርቪስ ወደ ደሴ ስመለስ አንተ ወጥተሃል። ብንገናኝም ቤት ውስጥ ቃል መመላለስ አንችልም። እናታችን ወንድም ወንድሙን ክፉ ሲናገር ከሰማች እህል እንደማትቀምስ ታውቃለህ። ስለዚህ በወረቀት ይሁን። ለፖስታ ቤት አልሰጠሁትም። ይዞልህ የሚመጣው የሾፌሮች ተወካዩ ፈንታሁን ነው። ምን እንደጻፍኩ ያውቃል፤ አንዳንዱን እንዲያውም እሱ ነው ያቀበለኝ። ስታነብ ከአጠገብህ ቢቆም አትፈር።

ባለፈው የላክልኝን ደብዳቤ አግኝቻለሁ። «እማዬን አይቻት መጣሁ፤ እንደ አለት ጠንካራ ናት፤ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አብሬያት ስቀመጥ አንድ ጊዜ እንኳ አላሳለችም፤ አንተና የጤና ሰዎችህ ናችሁ በወሬ የምታሳምሟት፤ ስሄድ በናፍቆት እያለቀሰች ሸኘችኝ» ብለሃል። ይህን ያነበብኩት የት እንደሆነ ልንገርህ። ሆስፒታል፣ አልጋዋ አጠገብ፣ እሷ አፍና አፍንጫዋ ላይ የጎማ ቱቦ ተደርጎላት እንደ ወናፍ የሚያፏጭ ትንፋሽ ስትተነፍስ ነው። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ያኔውኑ ብጽፍልህ ኖሮ ዛሬ ወንድማማቾች አንሆንም ነበር።

አሁን ከመጀመሪያው ልንገርህ። ከፊሉን ታውቀዋለህ፤ ግን የምታውቀው ከሾፌር አፍ ነው።

ደሴ ድስት ናት። ጦሳ በአንድ ወገን፣ አዝዋ ገደል በሌላ ወገን ቆመውባት መሃል ላይ ተቀምጠናል። በብርድ ወራት ጠዋት ጠዋት ጉሙ እንደ ክዳን ይገጠምባታል። ከሥሩ የገባ ጭስ ፀሐይ እስክትበረታ አይወጣም። ድሮ ይህ ነገር ማንንም አያስጨንቅም ነበር፤ ጭሱ የምድጃ ጭስ ነበራ። ከሰባ ሰባት ወዲህ ግን እናንተ መጣችሁ። አትቆጣ፤ ስድብ አይደለም። ያን ጊዜ እህሉን ከወደብ ባታመጡልን ኖሮ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍም የሚያነብም አይኖርም ነበር። ይህን አልክድም፤ ከተማውም አይክድም። ግን ረሃቡ አለፈ፤ መኪናው አላለፈም። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ለመውጣት ናፍታ የሚረጨውን ፖምፓ ከፍታችሁ፣ ናፍታውን አትረፍርፋችሁ፣ ከልክ በላይ ጭናችሁ ትወጣላችሁ። ዳገቱን ስትጨርሱ ማን መልሶ ይዘጋዋል? ማንም። እንደተከፈተ ሰፈራችን ሆጤ ትገባላችሁ። ከዚያ ደግሞ የደሴ ብርድ ሞተር አያስነሳም ብላችሁ ሌሊቱን ሙሉ ሳታጠፉት ታድራላችሁ። ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ አፋቸውን በክንዳቸው ሸፍነው ነው። የነጭ ነጠላ ነገርማ ተረት ሆኗል።

በአረፋ ሰሞን የአውራጃው ሰዎች ኮሚቴ አቋቋሙ። የመንገዱንና የመኪናውን እቅድ ከከተማው አየር ጋር አገናኝታችሁ አውጡ ተባልን። የሆጤን ነዋሪ ወክዬ የገባሁት እኔ ነኝ። ሰብሳቢው የትራንስፖርቱ ሰው ጓድ ስማቸው ነው። ከጤና በኩል የመጣው ፀጋዬ የሚባል ሰው ነው፤ ጴንጤ ነው፤ በዚህ ዘመን ስንቱን ችሎ እንደሚኖር አንተም ታውቃለህ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ከሾፌሮች ፈንታሁን ገባ። የመጀመሪያው ስብሰባ በመፈክር አለቀ። በሁለተኛው ፀጋዬ አንድ ካርቶን ይዞ መጣ። ካርቶኑ ላይ በከሰል አራት ቦታ ቀብቷል፤ አንዱ ግራጫ፣ ሌላው ጠቆር ያለ፣ ሦስተኛው የበለጠ፣ አራተኛው እንደ ምጣድ ቂጥ። መኪናው ቆሞ ነዳጅ ሲረገጥ የሚያወጣው ጭስ ከሦስተኛው ከጠቆረ ሐረጎን አይወጣም፤ ፖምፓው ተስተካክሎ ይምጣ፤ ይኸው ነው አለን። ፈንታሁን ካርቶኑን አይቶ «ጓድ ፀጋዬ፣ እኛንም በዚሁ ልትለኩን ነው? እኔ ከሁለተኛው አላልፍም» ሲል ሁሉም ሳቀ። ፀጋዬም ሳቀ። ከዚያ በኋላ ሥራ ጀመርን።

እቅዱ ቀላል ነው፤ አንተም በልብህ ታውቀዋለህ። ለደሴ የመጣ ጭነት ኮምቦልቻ መጋዘን ይራገፍ፤ ወደ ከተማ በትንንሽ መኪና ይውጣ። ወደ ወልዲያና ወደ መቀሌ የሚያልፍ ትልቅ መኪና ካርቶኑን አልፎ፣ ፀሐይ ጉሙን ካነሳች በኋላ፣ ሳይቆም ይለፍ። አዳር ኮምቦልቻ ይሁን። ኮምቦልቻ ሙቅ ነው፤ ሞተር ጠፍቶ ቢያድር ጠዋት ይነሳል። ከተማ ውስጥ ሞተር አስነስቶ መቆም ክልክል ነው። ከዚህ ውስጥ የትኛው ነው ሾፌር የሚገድለው? አልጋ ኮምቦልቻም አለ። ሽሮ ኮምቦልቻም ይሠራል።

ጉድለት የለውም አልልህም። የሠራዊቱን መኪና ማንም አይነካም፤ ስለሱ አፌን ብዘጋ ይሻለኛል። የራሱ የስማቸው ቢሮ መኪና ካርቶኑ ፊት ስትቆም አራተኛውን አልፋ ሄደች፤ ፀጋዬ አምስተኛ ቦታ መቀባት ሊኖርብን ነው አለ። ስማቸው አልሳቀም፤ ግን መኪናዋን ጋራዥ አስገባት። ከዚያ ወዲህ ነገሩ እውነት መሰለኝ። በኅዳር መጀመሪያ ላይ አንድ ጠዋት ከሆጤ ቆሜ የጦሳን ጫፍ አየሁት። ጉም ነበር፤ ግን ነጭ ጉም ነበር። ሚስቴ ዘይቱና ልብስ አጥባ ውጭ አሰጣች። ማታ ስትሰበስበው አገላብጣ አሸተተችውና አጣጠፈችው።

ይህ የቆየው አንተ የፈቃድ ወረቀትህን እስክታገኝ ነው።

እኔ ስለ ወረቀቱ የሰማሁት ስብሰባ ላይ፣ በሰው ፊት ነው። ፈንታሁን ተነሥቶ «ሕጉ ለሁሉም ነው ወይስ ለእኛ ብቻ? ሙሄዲን ተሳቢውን ይዞ ሆጤ መሃል ቆሟል፤ ስንጠይቀው ወረቀት አለኝ ይላል» አለ። እኔ ሐሰት ነው ብዬ ተነሣሁ። ወንድሜ እንዲህ አያደርግም አልኩ። ወላሂ ብዬ ማልኩ፤ ሙሄዲን፤ ባንተ ማልኩ። ስማቸው ጉሮሮውን ጠረገና አዎ፣ ፈቃዱን የሰጠሁት እኔ ነኝ አለ። «እናቱ ታማብኛለች፣ በየጊዜው መጠየቅ አለብኝ ብሎ ሲለምነኝ እናቱ የእንድሪስም እናት መሆናቸውን አስታወስኩ። ለእንድሪስ ብዬ ነው የፈቀድኩት፤ የኮሚቴያችን አባል እናት ናቸው» አለ። ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለልኝ። ምስጋና የጠበቀ ይመስለኛል። ፈንታሁን ግን አልለቀቀኝም። «የእንድሪስ እናት ብቻ ናት እናት? እኛ ከድንጋይ ነው የተፈለፈልነው?» ሲል የተሰበሰበው ሁሉ እየሳቀ አየኝ። በዚህ ዕድሜዬ የት እንደምገባ አጣሁ።

በአንድ ሳምንት ውስጥ ደሴ ከተማ ውስጥ እናት ሁሉ ታመመች። ወረቀት ጠያቂው ከስማቸው ቢሮ ደጅ እስከ መንገዱ ድረስ ተሰለፈ። አንዱ እናቴ፣ አንዱ አክስቴ፣ አንዱ የጡት እናቴ ይላል። ማረው የሚባለው የጎጃም ልጅ፣ እናትና አባቱን ሳያውቅ ቡሬ በሰው ቤት ያደገው፣ እሱ እንኳ ፒያሳ ላይ እናት ተገኘችለት፤ የጠጅ ቤቷ ባለቤት ናት። ስማቸው አንዱን ፈቅዶ ሌላውን መከልከል አልቻለም። ሲከለክል የእንድሪስን ወንድም ያነሱበታል። እኔ ልናገር ስነሳ «አንተ ዝም በል፣ ለወንድምህ ተፈቅዶለታል» ይሉኛል። አንተ በዚያ ወረቀት በር የከፈትክ መስሎህ ይሆናል። ግድግዳውን ነው የናድከው።

ስለ ነጩ ጨርቅም ልንገርህ። ፀጋዬ በካርቶኑ አልተማመነም፤ መኪናውን ብቻ ሳይሆን አየሩንም ማየት አለብን አለ። አቡጀዲ ቀዳዶ በእንጨት ወጥሮ በከተማውና በኮምቦልቻ አንዳንድ ቦታ አሰቀለ። አንዱ ፒያሳ ሆቴል በረንዳ ላይ፣ አንዱ ኮምቦልቻ መናኸሪያ፣ አንዱ ደግሞ እኔው ጠይቄው በእኛ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከእናታችን መስኮት አጠገብ ተሰቀለ። የእኛው እንዲጠቁር አልጠበቅኩም፤ መንገዱ እዚያ ጋ ሜዳ ነው፤ መኪናው አይደክምም። በኅዳር መጨረሻ ላይ ጨርቆቹን አምጥተው ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጓቸው የእኛው ጎልቶ ታየ። የፒያሳው ግራጫ ነው። የኮምቦልቻው ከዚያ ይሻላል። የእኛው ጥቁር ነው፤ እሱም በአንድ ጎኑ፣ ከታች ወደ ላይ፣ አንድ ነገር ፊት ለፊቱ ቆሞ እንደተነፈሰበት። ፀጋዬ ቀስ ብሎ «ጋሽ እንድሪስ፣ እዚህ መስኮት ፊት ምን ይቆማል?» አለኝ። ጨርቁን ገልብጬ አየሁት። ማወቁንማ አወቅሁ።

የምትቆመው አንተ ነህ። ማስነሻው ሞተሪኖህ ከተበላሸ ስንት ጊዜው ነው? አሰብ ላይ ሌላ መኪና ይጎትትልሃል። ደሴ ላይ ግን ካጠፋኸው አይነሳም፤ ስለዚህ አታጠፋውም። መስኮቷ ሥር ታቆመዋለህ፤ የጭስ መውጫው ማርሚታ ወደ ግድግዳው ነው። ትገባለህ፤ ታቅፋታለህ፤ ያመጣህላትን ቴምር ትሰጣታለህ፤ ከአልጋዋ ጫፍ ተቀምጠህ ስለ ባሕሩ ትነግራታለህ። ሞተሩ ውጭ ይሠራል። እናትህን እየጠየቅክ ታጥናታለህ። ለመሄድ አትቸኩልም፤ ስለምትወዳት። ባትወዳት ኖሮ ቶሎ ትሄድ ነበር፤ ለእሷም ይሻላት ነበር።

አሁን «አንድ ጊዜ እንኳ አላሳለችም» ወዳልከው ልመለስ። በታኅሣሥ የመጣህ ዕለት የሆነውን ዘይቱና ነግራኛለች። አንተ ስትገባ እናታችን የሻሿን ጫፍ ወደ አፏ ወሰደች። አንተ ያፈረች መስሎህ ይሆናል። ነክሳው ነበር። ሳሏ ሲመጣ ትንፋሿን ይዛ፣ አንገቷ ተገትሮ፣ አንተ ስትስቅ አብራህ ፈገግ ትላለች። ዓይኗ እንባ ሲሞላ «ምነው እማዬ?» ስትላት «ናፍቆቴ ነው የኔ አባት» አለችህ። አንተም አመንካት፤ ጽፈህም ላክህልኝ። ክላክስህን ሁለቴ ነፋህላት፤ መስኮቱ ላይ ሆና እጇን አወዛወዘችልህ። ተሳቢህ ከመታጠፊያው እንዳለፈ ወለሉ ላይ ወደቀች። ዘይቱና እየጮኸች ጎረቤት ጠራች፤ በቃሬዛ ነው ሆስፒታል ያደረሷት። እኔ ከኮምቦልቻ ስመጣ ከንፈሯ ጠቁሮ አገኘኋት። ለምን እንደምትደብቀው ጠየቅኳት። ትንፋሿ ሲመለስላት የነገረችኝ ይህ ነው፤ «ካወቀ ይቀራል። አብሽር፣ ለአንድ ቀን ልይዘው እችላለሁ» አለችኝ።

ለስማቸው በሽተኛ አደረግካት፤ ለእኔ ጤነኛ። አንዱን ምረጥ ሙሄዲን። ወረቀት ለማግኘት ስትል የታመመች እናት አለችኝ ያልክ ቀን እሷ ገና ጉሮሮዋን ብቻ ነበር የምትጠርገው። በውሸት አሳመምካት፤ ከዚያ ወረቀቱን ይዘህ መጥተህ እውነት አደረግከው። አፉ በለኝ፣ ይህን ለወንድም መጻፍ ከባድ ነው። ግን ሌላ የምጽፍበት መንገድ አላገኘሁለትም።

ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ቢስቲማ ወደ አክስታችን ልውሰድሽ፣ እዚያ መኪና እምብዛም የለም፣ ደረትሽ ያርፋል አልኳት። እምቢ አለች። ቢስቲማ የሙሄዲን መንገድ አይደለም አለች። አልጋዋን ከመንገዱ መስኮት ወደ ጓዳው ክፍል አዛወርኩት። ከሥራ ስመለስ አልጋው መስኮቱ ሥር ተመልሷል። ያን የሚያህል አልጋ ማን ጎተተው ብል እሷው ናት፤ እያረፈች እያረፈች፣ ከጠዋት እስከ ዝሁር። ዘይቱና ልታግዛት ብትል ከለከለቻት፤ ልትከለክላት ብትልም አልሆነላትም።

ያን ጊዜ ነው ቁርጡን ያወቅሁት። እሷን ከመንገዱ ማራቅ አይቻልም። መንገዱን ከእሷ ማራቅ ነው ያለው።

ባለፈው ስብሰባ ላይ ተነሥቼ የወረቀቱ ነገር እንዲታይ ጠየቅሁ። ሁሉም ወረቀት ይሰረዝ፤ ከሁሉ በፊት የወንድሜ ይሰረዝ አልኩ። ስማቸው «ጓድ እንድሪስ፣ ቀስ በል፤ እናትህስ ምን ይላሉ?» አለኝ። እናቴ ብዙ መናገር አትችልም፣ ትንፋሽ ያጥራታል አልኩት። ፀጋዬ ያን ጥቁር ጨርቅ ዘርግቶ ነበር፤ አጥፎ ከጠረጴዛው አነሳው፤ ለእኔ አዝኖ መሆኑ ገባኝ። ከዚያ ፈንታሁን ተነሣ። አሁን ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። እጁን አወጣና «የሙሄዲን ከተሰረዘ የሾፌሮቹን እኔ አመጣላችኋለሁ» አለ። አመጣቸውም። በሁለተኛው ቀን የማረው ሳይቀር ጠረጴዛው ላይ ተቆለለ። የጠጅ ቤቷም እናት በአንድ ቀን ዳነች፤ ሐኪም አላስፈለጋትም።

ስለዚህ እወቀው፤ ወረቀትህ ወረቀት አይደለም። ኮምቦልቻ ኬላ ላይ ብታሳያቸው ይቀድዱታል። የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አድርጎት ነው ብለህ ማንንም እንዳታማ፤ ስማቸው ሊያድንህ ሞክሮ ነበር።

ይህን ለእናታችን የነገርኳት እኔው ነኝ፤ ከሌላ ሰው እንዳትሰማ ብዬ። አዳምጣ ጨረሰችና «ልጄን ከደጄ አባረርክብኝ» አለች። ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም። ስገባ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። ምግብ ከዘይቱና እጅ ትቀበላለች፤ ከእኔ እጅ አትቀበልም። መንገዱ ላይ ትልቅ መኪና ሲያልፍ ቀና ትላለች። ያንተ እንዳልሆነ በድምፁ ታውቀዋለች፤ ተመልሳ ትተኛለች። ይህን እያየሁ ነው የምውለው። አንተ እንደምትወዳት አውቃለሁ። እኔም እወዳታለሁ፤ ግን የእኔን ፍቅር የምታየው እንደ ክፋት ነው። ላንተ ቴምር አምጪነት ደረሰህ፤ ለእኔ በር ዘጊነት።

አሁን የምፈልገውን ልንገርህ። ልመና አይደለም፤ ታላቅህ ነኝና ትእዛዝ ነው። ሐረጎን በተሳቢ አትወጣም። ኮምቦልቻ ስትደርስ መኪናህን ከመጋዘኑ ግቢ አቁመው፤ አጥፋው። ሞተሪኖውን እዚያው አሠራው፤ ጋራዡን እኔ አነጋግሬልሃለሁ። ፖምፓውንም ዝጋው። ከዚያ ከመናኸሪያ አውቶቡስ ተሳፈር። አውቶቡሱም ያጨሳል ትለኝ ይሆናል፤ ያጨሳል፤ ግን መስኮቷ ሥር ቆሞ አያጨስም፤ ደግሞ በሚቀጥለው ወር ወደ ካርቶኑ የሚቀርበው እሱ ነው። ፒያሳ ወርደህ በእግርህ ና። ከፈለግህ እደር። በመኪናህ ስትመጣ አድረህ አታውቅም፤ ሞተሩ ውጭ እየሠራ መኪናህን ትተህ ቤት ውስጥ እንዴት ታድራለህ? አሁን ማደር ትችላለህ። ይህን ለእሷ ነግሬያታለሁ፤ አላመነችኝም።

በእግሩ ከመጣ ይታዘብሻል ወይ፣ ሳልሽን ሰምቶ ይሸሻል ወይ ብላ ዘይቱና ጠይቃታለች። «አላውቅም» ነው ያለችው። እኔም አላውቅም። ስትሳል ትሰማታለህ። አስቀያሚ ሳል ነው፤ ረጅም ነው፤ ደም የለበትም፤ አልሐምዱሊላህ። ሻሿን ወደ አፏ ስትወስድ እጇን ያዝና አውርደው። ተቀመጥ፤ እስክትጨርስ ተቀመጥ። ይህን ማድረግ ካቃተህ ግን ባትመጣ ይሻላል፤ ቴምሩን ለፈንታሁን ስጠው።

አንድ ነገር አትርሳ። እሷ ስንት ዓመት የምታውቅህ በሞተርህና በክላክስህ ነው። ኮቴህን አታውቀውም። በሩ ላይ ስትደርስ ዝም ብለህ አትግባ፤ የቀበሌ ሰው መስሏት ትደነግጣለች። አንኳኳና ስምህን ተናገር።

ሰላምታ እንዳይቀርብህ፤ ዘይቱና ለአንተ፣ ለሸሪፋና ለልጆቹ ብዙ ብዙ ሰላም ብላለች፤ ለሸሪፋ ወገብ የሚሆን ቅባት ከፈንታሁን ጋር ልካለች፤ ማታ ማታ በሙቅ ጨርቅ ታድርገው። ልጆቼ አጎታቸውን ሰላም ይላሉ። ፀጋዬ አያውቅህም፤ ቢሆንም ስጽፍ አይቶኝ በርታ በለው ብሎኛል። የጎረቤት ሴቶች፣ ያን ዕለት ቃሬዛውን የያዙት ሁሉ፣ ሰላም ብለዋል፤ ስትመጣ አመስግናቸው። እናታችን እንደነገርኩህ አላናገረችኝም፤ ለሙሄዲን ልጽፍ ነው፣ ምን ልበልልሽ ብላት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ወረቀቱን ልዘጋ ስል ግን ጓዳ ያለችውን ዘይቱናን ጠርታ በጆሮዋ አንድ ነገር ነገረቻት። ዘይቱና መጥታ እንዲህ አለችኝ፤ «ስትሳል እንዳይደነግጥ ቀድማችሁ ንገሩት ብላለች።»

ነገርኩህ።

ወንድምህ እንድሪስ
ደሴ፣ ሆጤ
ጥር 23 ቀን 1979 ዓ.ም.